ብርሃን ሰርቋል የተባለው ጧፍ ሠሪ

የዚያችን አገር ስም አልነግራችሁም። ፈርቼ አይደለም፤ ዕድሜ ፍርሃቴን በልቶ ጨርሶታል። ስሟ በራሷ ሳጥን ስለማይገባ ነው። ሳጥን ያልኩት ምን እንደሆነ ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ፤ እናንተም ቀስ ብላችሁ ስሙኝ። ነገሩ እስከ ዛሬ ለእኔም ግራ ነውና አብረን ግራ ብንጋባ ይሻላል።

በዚያች አገር ሰው ሁሉ ሁለት ነገር ነበረው፤ ወግና ሳጥን። ወግ ማለት አገሬው የሚቆጥርበት፣ የሚጠራራበት፣ ቀኑን የሚጀምርበት ልማድ ነው። አንዱ ወረዳ ቀኑን ከፀሐይ መውጫ ይጀምራል፣ ሌላው ከእኩለ ሌሊት። አንዱ የአባቱን ስም ከራሱ በኋላ ይጠራል፣ ሌላው ያስቀድማል። አንዱ አዲስ ዓመትን በአበባ ወር ሲቀበል ሌላው በብርድ ወር ይቀበላል። በዚህ ማንም ተጣልቶ አያውቅም ነበር፤ ጎረቤት ጎረቤቱን "ያንተ ነገ የኔ ዛሬ ነው ወይ?" ብሎ ይጠይቅና ይስማማል።

ሳጥን ደግሞ የፊደል ሳጥን ነው። ከወይራ እንጨት የተቀረጹ የፊደል ማኅተሞች በየጎሬያቸው ይቀመጡበታል፤ የሰው ስም የሚታተመው ከዚያ እየተመዘዘ ነው። በድሮው ዘመን ሳጥኑ ትልቅ ነበር። ፊደሉ ሁሉ ከነዘመድ አዝማዱ ይገባበት ነበር፤ ሁለቱም ሰ፣ ሁለቱም ጸ፣ ሁለቱም አ፣ ሦስቱም ሀ።

አንድ ክረምት ሳጥኑን የተሸከመችው የቤተ መንግሥት በቅሎ ጭቃ ላይ ወድቃ እግሯ ተሰበረ። ሹማምንቱ ተሰበሰቡ። መንገዱ ይጠገን ያለ አልነበረም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ጥፋቱ የሳጥኑ ክብደት ነው ብለው ፈረዱ። ፊደሎቹንም አንድ በአንድ እያነሡ ጮክ ብለው አነበቧቸው። ድምፃቸው አንድ የሆኑትን መንትዮች ሲያገኙ ደስ አላቸው። "ለአንድ ድምጽ ሁለት ፊደል ማኖር ለአንድ ራስ ሁለት ቆብ መስፋት ነው" አለ አንዱ፤ በዚህ ንግግሩም ተሾመ። ትርፍ የተባሉት ተለቅመው ምድጃ ገቡ። የተረፈው "ቀላሉ ሳጥን" ተባለ፤ ለከተማውም ሁሉ ሕግ ሆነ። እኔም ከተሜዎቹ ሲናገሩ በራሳቸው ሳጥን እጽፍላቸዋለሁ፤ ስሕተት አየን ብላችሁ እንዳትቆጡኝ።

በሳጥኑ የሌለ ፊደል ሲያስፈልግስ ምን ይደረግ? ለዚህም ሕግ ወጣለት። በፊደሉ ቦታ ባዶ አራት ማዕዘን ይታተም ተባለ። ሕዝቡ ይህን ባዶ ነገር "መስኮት" አለው። ምንም የማያሳይ ነገር መስኮት መባሉ ሽሙጥ ነበር፤ ሹማምንቱ ግን ሙገሳ መስሏቸው ስሙን አጸደቁት።

የከተማዋ በር ላይ ሁለት ጠያቂዎች ይቆማሉ። ግራው ወግን ይጠይቃል፣ ቀኙ ሳጥንን። እርስ በርስ እንዳይነጋገሩ በሕግ ተከልክለዋል፤ ቢነጋገሩ ይስማማሉ፣ ከተስማሙ ደግሞ የአጣጣሚዎች አዳራሽ የሚባለው ትልቅ መሥሪያ ቤት ሥራ ይፈታል። ሁለቱ ጠያቂዎች የአንድ እናት ልጆች ነበሩ ይባላል። እናታቸው ስትሞት እንኳ አንዱ ለአንዱ ማርዳት ስላልተፈቀደለት አጣጣሚው መሃል ቆሞ አረዳቸው።

አጣጣሚ ሲባል እኔ መጀመሪያ ወጥ ቀማሽ መስሎኝ ነበር። አይደለም። አጣጣሚው በተገለበጠ ሙቀጫ ላይ ቆሞ የግራውንም የቀኙንም መልስ ይሰማል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ ከዚያ "ተጣጥሟል!" ወይም "አልተጣጣመም!" ብሎ ይጮኻል። ተጣጥሟል የተባለ ስሙ በሰሌዳ ታትሞ አንገቱ ላይ ይታሰርለታል። አልተጣጣመም የተባለ ደግሞ ወደ ዝምታ ወግ ይጣላል። የዝምታ ወግ የሚታተመው ከባሕር ማዶ የመጣ አንድ ነጋዴ ረስቶት በሄደ ትንሽ ሳጥን ነው። ፊደሎቹ የነጋዴው እንጂ የአገሩ አይደሉም፤ ስለዚህ የማንም የአገሬው ሰው ስም እዚያ ሳጥን ሲደርስ ከጫፍ እስከ ጫፍ መስኮት ይሆናል።

እንዲህ ያሉ ባለ መስኮቶች በከተማው ብዙ ነበሩ። ጨው ሲታደል "ባለ መስኮት!" ተብሎ ሲጠራ ግማሹ አደባባይ ይነሣል። አንድ ጊዜ የዕድር ጥሩምባ ነፊው "ባለ መስኮት ሞቷል፣ ቀብር ውጡ!" እያለ ሲለፍፍ፣ ሴቱ ሁሉ ባሌ ነው ብሎ ደረቱን እየደቃ ወደየቤቱ ሮጠ፤ ወንዱም እኔ እሆን እንዴ ብሎ ራሱን ዳሰሰ። በዚያ ቀን ማን እንደተቀበረ እስከ ዛሬ አይታወቅም።

እንግዲህ ወደ ሰውዬው ልምጣ። በደጋው አገር ሠረቀብርሃን የሚባል ጧፍ ሠሪ ይኖር ነበር። ሰም አቅልጦ፣ ፈትሉን ነክሮ፣ ቀጥ ያለ ጧፍ ያወጣል፤ የእሱ ጧፍ አይንጠባጠብም ይባልለት ነበር። እናቱ ሌሊቱን ሙሉ አምጣ የወለደችው ጎሕ ሲቀድ ነውና አባቱ ብርሃን ወጣ ሲል ሠረቀብርሃን አለው። እዚህ ላይ ጆሯችሁን ሳይሆን ዓይናችሁን ስጡኝ። ሠረቀ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ወጣ ማለት ነው፣ ፀሐይ እንደምትወጣው። በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ግን የሌባ ሥራ ነው። ፊደል የቆጠረ ሰው ሁለቱን ሲለይ አንዱን "ንጉሡ ሠ" ይለዋል፣ ንጉሥ የሚለው ቃል ስለሚጻፍበት፤ ሌላውን "እሳቱ ሰ" ይለዋል፣ እሳት ስለሚጻፍበት። አፍ ግን አይለያቸውም። ለአፍ ሁለቱም አንድ ናቸው።

ሚስቱ ይርገዱ ትባላለች። ያልገባትን የምትጠይቅ ሴት ናት። መልሱ ካልገባት ደግማ ትጠይቃለች፤ አሁንም ካልገባት ትቆጣለች። ልጅ አልወለዱም፤ ለእሷ ያለው እሱ፣ ለእሱም ያለችው እሷ ብቻ ነበሩ።

በከተማው ትልቅ በዓል ቀርቦ ጧፍ ተፈለገና ሁለቱም እስር እስሩን ተሸክመው ወረዱ። ከበሩ ሲደርሱ የይርገዱ ስም በቀላሉ ሳጥን ያለ ችግር አለፈ። የባሏ ተራ ደረሰ።

"ወግህ?" አለ ግራው።

"የደጋ ወግ ነው ጌታዬ።"

"ሳጥንህ?" አለ ቀኙ፣ ወንድሙ ያስባለውን እንዳይሰማ ጆሮውን ይዞ።

"የአባቶቻችን ነው፤ ትልቁ ሳጥን።"

አጣጣሚው ሙቀጫው ላይ ዓይኑን ጨፈነ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። "አልተጣጣመም!" ብሎ ጮኸ። "ወጉ ይታወቃል፣ ሳጥኑ አይታወቅም!"

"እንዴት አይታወቅም?" አለች ይርገዱ። "ትናንት የናንተም ሳጥን አልነበረም?"

"ትናንት በማን ወግ?" አላት አጣጣሚው።

ለዚህ መልስ ያለው ሰው አልተወለደም። አጣጣሚው አዘነላት መሰለኝ ከሙቀጫው ጎንበስ ብሎ፣ "ሁለት መንገድ አለ። ወይ በዝምታ ወግ መስኮት ሆኖ ይግባ፣ ወይ በቀላሉ ሳጥን ተቀራራቢውን ፊደል ይውሰድ" አለ።

"ተቀራራቢው ይሁንልኝ" አለ ሠረቀብርሃን። "ድምፁ አንድ ከሆነ ምን ቸገረኝ።"

"ቆይ እንጂ አንተ፣ እንጠይቅ" ብላ እጁን ያዘችው።

"ይርጌ፣ ጧፉ ፀሐይ ላይ እየቀለጠብን ነው። ተይ እንግባ።"

ገቡ። የአንገት ሰሌዳው ጠባብ ስለሆነ ስሙ ባንድ መስመር አልበቃም፤ አታሚው ከሁለት ቆረጠው። ከላይ "ሰረቀ"፣ ከታች "ብርሃን" ሆነ። ገና ገበያው አፍ ላይ ሳይደርሱ አንድ ዘበኛ ሰሌዳውን አነበበው። ወደ ሰውዬው ፊት አየ፣ ወደ ታቀፈው የጧፍ እስር አየ፣ መልሶ ወደ ሰሌዳው አየ።

"ወንጀሉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚዞር ሌባ እስከ ዛሬ አላየሁም" አለና ክንዱን ያዘው። "ይኸውና ብርሃኑም በእጁ!"

ወደ ችሎት ወሰዱት። ዳኛው ጓንጉል ይባላሉ። በእርሳቸው ችሎት የታተመ ነገር ይታመናል፣ የተነገረ ነገር ይመዘናል፤ ሚዛኑ ግን የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ሰሌዳውን አንብበው ሲጨርሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ስምህ ማን ነው?"

"ሠረቀብርሃን።"

"ማን ሰረቀ?"

"ማንም አልሰረቀም ጌታዬ።"

"አሁን ሰረቀ አላልክም?"

"ሠረቀ ብያለሁ።"

"አመነ" አሉ ዳኛው ወደ ጸሐፊው ዞረው።

ይርገዱ ከሕዝቡ መሃል ብድግ አለች። "በሕግ አምላክ! ጌታዬ፣ ሠረቀ እንጂ ሰረቀ አይደለም!"

ዳኛው ጸሐፊውን አዩት። ጸሐፊውም በታማኝነት ደገመላቸው፤ "ሰረቀ እንጂ ሰረቀ አይደለም ብላለች።"

"አንቺ ሴትዮ፣ ሰርቋል ነው የምትይው ወይስ አልሰረቀም?"

"ሠርቋል ጌታዬ፤ ግን አልሰረቀም!" አለች። ወዲያው ለራሷም ጆሮ ነገሩ እንዳላማረ ገባት። "በእሳቱ አይደለም እኮ! ንጉሡ ሠ ነው! ንጉሡ ነው!"

እንዲህ ያለ ድንጋጤ በዚያ ችሎት ታይቶ አይታወቅም። ጸሐፊው መቃ ብዕሩን ጣለ። ዳኛው ከመቀመጫቸው ግማሽ ተነሥተው፣ "የሰረቁት ንጉሱ ናቸው ነው የምትይው? እሳትስ ምን አገባው? ቃጠሎም አለበት?" አሉ። ይርገዱ በተናገረች ቁጥር ባሏ ላይ አንድ ክስ ይጨመራል። ስለዚህ መናገሩን ተወችና ወለሉ ላይ ተንበርክካ በጣቷ አቧራው ላይ ጻፈችላቸው፤ ሠ።

ዳኛው መጥተው አጎነበሱ። ጸሐፊውም አጎነበሰ።

"ይህ መስኮት ነው" አሉ ዳኛው።

"መስኮት አይደለም ጌታዬ፣ ፊደል ነው። ሦስቱን ጣቱን ወደ ላይ ዘርግቶ አያዩትም?"

"መስኮት ነው" አለ ጸሐፊውም፣ በእርጋታ።

አልዋሹም። ይህን ነው እኔ እስከ ዛሬ ማመን የሚያቅተኝ። በሳጥናቸው የሌለውን ማንበብ ዓይናቸው ትቶት ስለነበር ከልባቸው መስኮት ነበር ያዩት። ዳኛውም ያለ ቂም ያለ ቁጣ ፈረዱ፤ ሰውዬው የሰረቀውን ብርሃን እስኪመልስ ድረስ ጨለማ ቤት ይቆይ።

ጨለማ ቤት ከኮረብታው ሥር የተቆፈረ፣ እርጥብ፣ ብርድ ያለው ጎሬ ነው። የእስር ቤቱ ሹም ጠዋት ጠዋት በሩ ጋ መጥቶ፣ "ብርሃኑን የት አደረስከው?" ይለዋል። ሠረቀብርሃንም፣ "ውጭ ነው ያለው ጌታዬ፣ በሩን ቢከፍቱት ያዩታል" ይላል። ሹሙ ይህን ለማምለጥ የታሰበ ተንኮል ነው ብሎ ለዳኛው ያስታውቃል። ሰውዬው መሳል ጀመረ። በመጀመሪያ ደረቅ ሳል ነበር፤ እየቆየ ከበሩ ውጭ ለሚያልፈው ሁሉ የሚሰማ ሆነ። ይርገዱ ይህን ሳል ስትሰማ፣ ክረምቱ ሳይገባ ካላወጣሁት አጣዋለሁ ብላ ወደ አጣጣሚዎች አዳራሽ ሄደች።

የአዳራሹ አለቃ ሊቀ አጣጣሚ እንግዳወርቅ ነው። በሁለት ትራስ መሃል ይቀመጣል፤ አንዱ የወግ ትራስ ነው፣ አንዱ የሳጥን፤ እንዳያዳላ ወደ የትኛውም ተደግፎ አያውቅም። ስለዚህ ወገቡን ያመዋል፣ ወገቡን ስለሚያመውም ይቆጣል። ይርገዱ ነገሯን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረችው።

"ስህተት የለም" አላት። "ባልሽ ወጉን ትክክል ተናግሯል፣ ሳጥኑንም ትክክል ተናግሯል። በሩም ትክክል አትሟል፤ ዳኛውም ትክክል አንብበዋል።"

"ሁሉም ትክክል ከሆነ ባሌ ለምን ታሰረ ጌታዬ?"

"ትክክሎቹ ስላልተጣጣሙ ነዋ።"

ይርገዱ ራሷን ያዘች። ልትወጣ ተነሣችና በሩ ጋ ስትደርስ ተመለሰች። "ጌታዬ፣ አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ንጉሥ በየትኛው ሰ ነው የሚጻፈው?"

"በሰ ነዋ።"

"በእሳቱ?"

"ሰ አንድ ነው እሜቴ።"

"እንግዲያው የቤተ መንግሥቱ በር ላይ ያለው የድሮ ድንጋይ? 'ንጉሠ ነገሥት' ይላል እኮ። እዚያ ያለው ንጉሡ ሠ ነው፤ ዳኛው መስኮት ያሉት። እሱ መስኮት ከሆነ ንጉሣችንም እንግዲህ..."

ሊቀ አጣጣሚው ከትራሶቹ መሃል ዘሎ ተነሣ። መጀመሪያ በሩን ዘጋ። ቀጥሎ ሁለቱን ጆሮውን በእጁ ዘጋ፤ ዘግይቶ ነበር እንጂ። ይርገዱ ብልጥ ሆና አጠመደችው የሚሉ አሉ። እኔ አላምንም። ሴትየዋ ከልቧ ግራ ገብቷት ነው የጠየቀችው።

በዚያ ሳምንት ሹማምንቱ በመሰላል ወጥተው ድንጋዩን አዩት። ያዩት መስኮት ነው። የንጉሣቸው ማዕረግ መሃሉ ባዶ ሆኖ አገኙት፤ በሕጉ መሠረት ንጉሡም ከባለ መስኮቶች ጋር ተሰልፈው ጨው ሊቀበሉ ነው። ማን ይንገራቸው? ማንም። ይልቅ ተዘግተው መከሩና አዋጅ አስነገሩ። የአዋጁ መጀመሪያ፣ የተቃጠለው ፊደል እንደገና ተቀርጾ ይመለስ ይላል። ይርገዱ አደባባይ ቆማ ይህን ስትሰማ እልል አለች። የአዋጁ መጨረሻ ደግሞ፣ ይህ ፊደል ከእንግዲህ የንጉሱ ብቻ ነው፤ በሀር በተለበጠ ሳጥን ለብቻው ይቀመጣል፤ በስሙ ውስጥ የተገኘበት ሌላ ሰው የንጉሱን ንብረት የሰረቀ ነው፤ የፊደሉን መጠሪያም በአፉ ያነሳ ምላሱ ይጠየቃል አለ።

እንግዲህ አስቡት። ሰውዬው በአንዱ ሰ ከተጻፈ ብርሃን ሰርቋል፤ በሌላው ከተጻፈ ከንጉሥ ሰርቋል። የፊተኛው ጨለማ ቤት ነው፣ የኋለኛው ገመድ።

ሊቀ አጣጣሚው ራሱ አስጠራት። ከቁጣው በርዶ ነበር፤ ድምፁንም ዝቅ አድርጎ፣ "አንድ መንገድ ብቻ ቀርቷል" አላት። "ወጉን ወደ ዝምታ ወግ ለውጪው። ሰሌዳው ሁሉ መስኮት ይሆናል። የማይነበብ ስም ምን ሰረቀ ይባላል? ክሱ ይወድቃል። ሰውዬሽን ትወስጃለሽ፣ ስሙ እዚህ ይቀራል።"

"ለሁልጊዜው?"

"የተለወጠ አይመለስም።"

ወደ ጨለማ ቤት ሄዳ በበሩ ስንጥቅ አፏን አስጠግታ ነገረችው።

"እምቢ" አለ በሳሉ መሃል።

"ስማኝ እንጂ አንተ።"

"ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል አልሰማሽም?"

"እኔ ከመቃብር በላይ እንዲውልልኝ የምፈልገው ስምህን አይደለም! አንተን ነው!"

"ይርጌ፣ እዚህ ውስጥ እጄን ባወጣ እጄን አላየውም። መንጋቱን የማውቀው ሹሙ ሲጮኽብኝ ነው። ያኔ ስሜን ለራሴ ጠርቼ፣ ሲነጋ የተወለድኩ ሰው ነኝ እላለሁ። ሌላ ምንም የለኝም። ተይልኝ።"

"ሳልህን እሰማዋለሁ እኮ።"

"ተይልኝ አልኩሽ።"

ከበሩ ሥር ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን ምን አደርግ እንደነበር ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። አንዳንድ ቀን ስሙን እተውለት ነበር እላለሁ፤ ሳል የሚያስለው ሰው አጠገቤ ሲቀመጥ ደግሞ ሐሳቤን እለውጣለሁ። ይርገዱ ግን ሐሳቧን አልለወጠችም። እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ ከተማው በር ሄደች።

"ወጉ?" አለ ግራው።

"የዝምታ" አለች።

"ሳጥኑ?" አለ ቀኙ።

"የነጋዴው።"

አጣጣሚው ዓይኑን እንኳ ሳይጨፍን ሙቀጫው ላይ ዘለለ። "ተጣጥሟል!" አለ። "ፈጽሞ ተጣጥሟል!" ሁለቱ ጠያቂዎች ሳይተያዩ አጨበጨቡ። እንዲህ ያለ እንከን የለሽ መጣጣም በዚያ በር ታይቶ አያውቅም ተባለ፤ መለከትም ተነፋ። ሰሌዳው ታትሞ ተሰጣት። እንዲህ ይል ነበር፤ □□□□□□□።

የእስር ቤቱ ሹም አዲሱን ሰሌዳ ወዲህ አየው፣ ወዲያ አዞረው። "ይሄ ምን አድርጎ ነው የገባው?" ብሎ ጠየቀ። የሚያስታውስ አልተገኘም። "እንግዲያው የመንግስትን ቤት ለምን ያጣብባል?" ብሎ ገፍቶ አወጣው። ሰውዬው ዓይኑን በሁለት እጁ ሸፍኖ ወጣ። ይርገዱ ክንዱን ይዛ ኮረብታውን አወረደችው። መንገድ ላይ ሲደርሱ ሰሌዳውን በጣቱ ዳሰሰው። ባዶዎቹን አንድ በአንድ ዳበሳቸው።

"ማን ነው ያስደረገው?" አላት።

"እኔ ነኝ።"

ራሱን ነቀነቀ። ሰሌዳውን በእጁ እንደያዘ እስከ ደጋው አብሯት ወጣ።

ሳሉ ቀስ በቀስ ለቀቀው። ሰም ማቅለጡን፣ ፈትል መንከሩን ጀመረ፤ ጧፉም እንደ ድሮው ቀጥ ያለ ነበር። ጎረቤት በስሙ ሲጠራው ግን ቀና አይልም ነበር። ጆሮው ተጎድቷል አሉ ሰዎቹ፤ ብርድ ጆሮ ይጎዳል። ይርገዱም ይህን ማመን ፈለገች። "አንተ" ስትለው ይሰማል፣ "ና ብላ" ስትለው ይሰማል፣ ድመቷ ስትጮኽ ይሰማል።

አንድ ጠዋት ወጋገኑ በበሩ ሲገባ ሰሙ ላይ ጎንበስ ብሎ አየችው። ፊቱ ቀልቷል፣ ትከሻው ሞልቷል፤ ድኖልኛል ብላ ደስታ ልቧን ሞላውና ከተመለሱ ጀምሮ ያልሞከረችውን ሞከረች።

"ሠረቀብርሃን" አለችው።

አልዞረም።

"ሠረቀብርሃን! አንተን እኮ ነው።"

እጁ ሰሙ ላይ ቆመ። ቀስ ብሎ ዞሮ አያት፤ ያልገባውን ነገር እንደሚጠይቅ ሰው እንጂ እንደተቆጣ ሰው አልነበረም።

"በየትኛው?" አላት።

"ምን በየትኛው?"

"በየትኛው ሰ ነው የጠራሽኝ?"

"በየትኛው ይሆናል፣ በንጉ..." አለችና ምላስ የሚጠይቀው አዋጅ ትዝ ሲላት በሩ ክፍት መሆኑን አየች። በመንገዱ ሰዎች እያለፉ ነበር። አፏን ዘጋች። እሱም ፊቱን ወደ ሰሙ መለሰ።